ካርታ ሠሪና ቀራፂ ናቸው

አባቴን በሕይወቴ አንድም ቀን «አንተ» ብዬ አላውቅም። የጎረቤት ልጆች አባታቸው ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው «ፍጠን እንጂ» ሲሉ፣ እኔ «አባባ፣ እባክዎ ኳሴን ያቀብሉኝ» እያልኩ ነው ያደግኩት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ላይ ዜና ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በቤታችን ብርጭቆ ቢሰበር ይታለፋል፤ ግስ ቢሰበር ግን ጉድ ይፈላል።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማይክሮፎን የሚጨብጡት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። በኪነ ጥበብ፣ በሳይንስና በሕዝብ አገልግሎት ትልቅ ሥራ ለሠሩ ሰዎች ሽልማት ሲሰጥ፣ የተሸላሚዎቹን ታሪክ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ለዚያ ቀን ጫማቸውን ራሳቸው ይወለውላሉ። ሰው ለእሳቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንቱ የተባለና ገና ያልተባለ። እኔ የሸክላ ቀራፂ ነኝ። በእሳቸው አነጋገር ግን «ጭቃ አቡኪ» ነኝ፤ እስካሁን አንቱ አለመባሌ ሳያንስ ወደፊትም የመባል ተስፋ የለኝም።

በኋላ ሚሊ የተባለውን ወጣት ያገኘሁት በከተማው የካርታ መሥሪያ ቤት ነው። ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ከተማውን በሸክላ እንድቀርጽ ታዝዤ፣ ኮረብታዎቹ የት የት እንደሆኑ የሚያሳይ ካርታ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ቀና ብሎ አየኝ። አይቶኝም ወዲያው ዐይኑን አልመለሰም።

«እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት የለንም» አለኝ። «ካርታ ጠፍጣፋ ነው።»

«ከተማው ግን ጠፍጣፋ አይደለም።»

«ኮረብታውን በመስመር እናሳያለን። መስመር ማንበብ ይልመዱ።»

«እርስዎ ደግሞ ሰው ማስተናገድ ይልመዱ።»

ከክፍሉ ጥግ ሳቅ ተሰማ። የሳቀችው የመሥሪያ ቤቱ የስልክ ኦፕሬተር ናት። ዐይነ ስውር ናት፤ ስልክ ባነሳች ቁጥር «ሀሎ» የምትለው በዜማ ስለሆነ ሁሉም እትዬ ሀሎ ይላታል።

«አትጣሉ ልጆቼ» አለች። «ለእኔ መስመሩም ኮረብታውም ያው ባዶ ወረቀት ነው። እዚህ ቤት ተቀምጬ ፀጉሬ ሸበተ፤ የምኖርበት ከተማ ምን እንደሚመስል ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

«ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎ...» ማለት ጀመርኩ።

«አንቱ አትበዪኝ፤ ከጎኔ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።»

ቦርሳዬ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ጭቃ አይጠፋም። ቆረስኩና እሷ ጠረጴዛ ላይ ጉብታ ሠራሁ፤ ከጉብታው ሥር ሸለቆ፣ በሸለቆው ወንዝ። ወጣቱ ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቶ መጣ። «ወንዙ እዚህ ጋ ይጠመዘዛል» አለና በእርሳሱ ጫፍ አስተካከለው። ከዚያ የእትዬ ሀሎን እጅ ይዤ ጭቃው ላይ አሳረፍኩት። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አመላለሰች፣ መልሳ አመላለሰች። ስልኩ ይጮኻል፤ አላነሳችውም። እኔና እሱ ተያየን።

ካርታው የተጀመረው እንዲህ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ማየት የማይችል ሰው በእጁ ዳስሶ የቱ አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት ወርዶ የት እንደሚያቋርጥ የሚያውቅበት የሸክላ ሰሌዳ። መሥሪያ ቤቱ «በሥራ ሰዓት ካልሆነ ግድ የለንም» አለ። እሱም ከሥራ እንደወጣ ወደ እኔ ወርክሾፕ መምጣት ጀመረ፤ እትዬ ሀሎን ክንዷን ይዞ።

ሚሊሜትር ለእሱ ሃይማኖቱ ናት። እትዬ ሀሎ ሚሊ የሚል ስም ያወጣችለት በዚህ ነው። እኔ ደግሞ ልክ የሚባል ነገር ሲነሳ እንቅልፌ ይመጣል። አንድ ቀን እርጥቡን ሰሌዳ እየመረመረ ሳለ ፊቱ ጠቆረ።

«እነዚህ ሁለት መንገዶች እንዲህ አይራራቁም» አለ።

«እኔ ነኝ ያራራቅኳቸው። ሲቀራረቡ ጣት አይለያቸውም።»

«ውሸት ነዋ።»

«ለዐይን ውሸት ነው። ለጣት ግን እውነት ነው።»

«ርቀት ምን ጊዜም ርቀት ነው። አንቺ ሴት፣ ከተማውን ልታፈርሺው ነው እንዴ?»

አንቺ ማለቱን ሁለታችንም ሰምተናል። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ፣ እርስዎ ስንባባል ነው የከረምነው። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይቅርታ፣ እርስዎ ለማለት...» አለ።

«አትመልሰው» አልኩት። እኔም አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ሁለታችሁም እንኳን ደስ አላችሁ» አለች እትዬ ሀሎ ከጥጓ። «አሁን ወደ ሥራችሁ። መንገዶቹን አራርቁልኝ። ሚሊ ልጄ፣ እውነትህን ለዐይናሞቹ ሽጥላቸው።»

በማግስቱ ዐይኑ ቀልቶ መጣ፤ በእጁ አዲስ ንድፍ ይዟል። መንገዶቹን ሁሉ እንደ እኔ አራርቋቸዋል። ነገር ግን የቱ ከየቱ እንደሚቀድም፣ የቱ ወደ ግራ የቱ ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ከየቱ እንደሚረዝም አንዱም አልተዛባም። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እትዬ ሀሎ መንገድ ስታ ወንዝ ውስጥ ትገባ ነበር። እሱ ብቻውን ቢሆን ደግሞ ካርታው ለጣት ጠጠር የተበተነበት መሬት ይሆን ነበር። ያን ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ፣ ጭቃ በነካው እጄ ጉንጩን ያዝኩት። ሳያብስ ወደ ቤቱ ሄደ።

እናቴን ካጣን ወዲህ ያሉኝ አባባ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያለ እሳቸው ፈቃድ አግብቶ ከቤት መውጣት ሲታሰበኝ ሞት ሞት ይለኝ ነበር። ሚሊን ቤት አመጣሁት። አባባ ከረባታቸውን አስረው ሳሎን ጠበቁን።

«እርስዎ የታወቁት በምንድን ነው?» አሉት ገና ሳይቀመጥ።

«አልታወቅኩም» አለ ሚሊ።

«ልጄን የምሰጠው አንቱ ለተባለ ሰው ነው።»

«አሁን እኮ እርስዎ ራስዎ አንቱ እያሉኝ ነው።»

«እሱ ጨዋነት ነው። እኔ የምለው አገር ሲልዎት ነው።»

«እኔስ የምሰጥ ዕቃ ነኝ?» አልኩ።

«አንቺ ሻይ አምጪ» አሉኝ።

ወሩ ሳያልቅ የሚሊ መሥሪያ ቤት ካርታችንን ለዚያ ለታላቁ ሽልማት ጠቆመ። ማብራሪያውን ጻፍ የተባለው ራሱ ሚሊ ነው። በመሥሪያ ቤት ወግ ስም አይጻፍም፤ ሙያ ነው የሚጻፈው። እሱም ጨዋ ሰው ስለሆነ በወጉ ጻፈ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አባባ ለበዓሉ የሚያነቡትን ጽሑፍ ይዘው፣ እያንጎራጎሩ ቤት ገቡ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲያንጎራጉሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ያ ልጅ አንቱ ሊባል ነው» አሉ። «ደግሞ ቀራፂም ነው ለካ። ምነው ደበቅሽኝ?»

«ማን ነው ቀራፂ?»

«እሱ ነዋ። ስሚ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ካርታ ሠሪና ቀራፂ የሆኑት እኚህ ወጣት ባለሙያ፣ ለብቻቸው አፍልቀው በሠሩት በእጅ የሚነበብ ካርታ...›»

«አባባ፣ ቀራፂዋ እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ጭቃውን አቡክተሻል» አሉኝ በፍቅር። «ማን ካደሽ? በቃ፣ ሠርጉን አስቢ። እኔ እሺ ብያለሁ።»

ሚሊን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «ቀራፂ መሆንህን አላውቅም ነበር» አልኩት።

እሱም ሰምቶ ኖሯል። «‹የሠሩት ካርታ ሠሪና ቀራፂ ናቸው› ብዬ ነው የጻፍኩት። ናቸው ስል እኔና አንቺን ማለቴ ነበር። ሸላሚዎቹ አንድ ሰው አንቱ የተባለ መሰላቸው። ‹እኚህ ሰው ማን ይባላሉ?› ብለው ሲደውሉ አለቃዬ የእኔን ስም ሰጣቸው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። «ታዲያ አስተካክለው» አልኩ።

«ሄጄ ነበር። ደንባቸው አንድ ሥራ ለአንድ ሰው ነው። ሁለት ሰው የእኔ ነው ካለ ሥራው ይሰረዛል።»

«ይሰረዛ።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ አገላበጠው። ምን ሊል እንደሆነ ገና ሳይናገር አወቅኩት።

«አባትሽ» አለ በመጨረሻ። «ይህን ከወሰድኩ እሺ ብለዋል። እንጋባለን። ያንቺን ስም ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን... ለእኛ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኛ ትላለህ። እዚያ እኛ ውስጥ እኔ የት አለሁ?»

«አትቆጪ።»

«እቆጣለሁ። አባቴ ጭቃ አቡኪ ቢሉኝ ለምጄዋለሁ። አንተ ግን ይህ እጅ ሲሰነጣጠቅ ቁጭ ብለህ አይተሃል። እንደ ሚስት ወስደህ እንደ ቀራፂ ልትቀብረኝ ነው? እንዲህ ያለ ሠርግ በአፍንጫዬ ይውጣ።»

ጥዬው ሄድኩ። ወርክሾፕ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። እወደው ነበር። ባልወደው ኖሮ ሜዳሊያውን ይዞ ቢሄድ ምን ገዶኝ። ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ እኔም አልጠራሁትም።

ለበዓሉ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። እትዬ ሀሎ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ስምሽን ሲውጡት አንቺ ካልተገኘሽ ማን ያያቸዋል?» አለችኝ። «እኔ አላይ።» እውነቷን ነው። የሚወስድ ከሆነ ዐይኔን እያየ ይውሰድ ብዬ፣ ጭቃ ያለበትን የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ሄድኩ። በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ እኔም ከታች እስከ ላይ አየሁት።

አዳራሹ በከረባት ተሞልቷል። አባባ መድረኩ ላይ ቆመው ያነባሉ። አንድ የዐይን ሐኪም ተሸለሙ፤ አንዲት የዜማ ደራሲ ተሸለሙ፤ ድልድይ የሠሩ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ወጡ። ለሁሉም ከልቤ አጨበጨብኩ። የሰው ድካም ሲከበር ደስ ይላል፤ እኔ ሽልማት ጠልቼ አላውቅም።

ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ። አባባ ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው አነበቡ፤ «ካርታ ሠሪና ቀራፂ የሆኑት» ሲሉ ደስታቸው ያስታውቅ ነበር። ሚሊ ወጣ። የሽልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሜዳሊያውን ዘረጉለት። እጁን አልዘረጋም፤ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ።

«ንባቡ ላይ ስህተት አለ» አለ።

አባባ ከጽሑፋቸው ቀና አሉ። እንዲህ ተብለው አያውቁም።

«ናቸው የተባለው አንድ ሰው አይደለም። ሁለት ነን። ሲጻፍ እኔና እሷ ነበርን፤ ሲነበብ እኔ ብቻዬን አንቱ ተባልኩ። እኔ ካርታ ሠሪ ነኝ። ጭቃ የነካሁ ዕለት ሰሌዳ ሰብሬ ከወርክሾፕ ተባርሬአለሁ።» አዳራሹ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። «ቀራፂዋ እዚያ ተቀምጣለች። ዝም ብዬ ልወስደው አስቤ ነበር። አፍሬበታለሁ። ለእሷም ካልሆነ ለእኔም አይሁን።»

ብድግ አልኩ። ማን ተነሺ እንዳለኝ አላውቅም፤ እግሬ ነው የተነሣው።

«እባክዎ ይቀመጡ» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ቆሜ ነው የቀረጽኩት» አልኩ። «ቆሜ እሰማለሁ።»

ሰብሳቢው ከጓዶቻቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍ ጻፍ አደረጉና ለአባባ ሰጡ። አባባ ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ልባቸው ወደ እኔ ያጋደለ መስሎኝ ነበር።

«በዚህ ዘርፍ» ብለው አነበቡ፣ «የዘንድሮው ሽልማት አይሰጥም።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ግስም አልተሰበረም።

ውጭ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። ሚሊ ከኋላዬ ኮቱን ይዞ ቆሟል። እትዬ ሀሎ ምርኩዟን ይዛ ከጎኔ ናት።

«አባባ፣ አነበቡት» አልኳቸው።

«የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት።»

«አውቃለሁ። እኔም የምነግርዎት አለኝ። ይህን ሰው አገባዋለሁ። አንቱ አልተባለም፤ ከዛሬ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይባልም። እያስፈቀድኩዎት አይደለም፤ እያሳወቅኩዎት ነው።»

«እኔንም እያሳወቅሽኝ ነው?» አለ ሚሊ ከኋላዬ።

ዞርኩ። እዚያ መድረክ ላይ ከወጣ ጀምሮ ፊቱን በደንብ አላየሁትም ነበር። ከስቷል። «አንተን እየጠየቅኩህ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ።

አባባ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «እኔን አትጠብቂኝ» አሉና ደረጃውን ወረዱ።

ማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን። እትዬ ሀሎ ምስክር ሆና አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ «ቀለሙ ቢያልቅ እንኳ ጭቃ አለን» አለቻቸው ጸሐፊውን። አባባ አልመጡም። ከፋኝ። ከፍቶኝም ግን ውሳኔዬን ለደቂቃ አልተጠራጠርኩም።

የካርታው የመጨረሻ ሰሌዳ ገና እቶን አልገባም ነበር። መሥሪያ ቤቱ «ከሥሩ የእኛን ስም ጻፉበት» አለን። ጻፍን፤ በትልቁ። ከዚያ የቀኙ ጥግ ላይ፣ እትዬ ሀሎ እየነገረችን፣ ዐይነ ስውራን የሚያነቡትን የብሬል ነጥብ ጭቃው ላይ አበጀን። ነጥቡን ያሳበጥኩት እኔ ነኝ፤ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለውን ርቀት የለካው ሚሊ ነው። ለዐይናማ ጌጥ ይመስለዋል።

ካርታው መናኸሪያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠዋት እትዬ ሀሎ ቢሮዋ ገብታ ስልክ ደወለች። አባባን ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ብቻ፣ አውቶቡሶች እየገቡ እየወጡ፣ ሰው እየተጋፋ ሳለ፣ አባባ ጫማቸውን ወልውለው ሲመጡ አየሁ። ሰላም አላሉኝም። ካርታው ፊት ቆሙ። አንድ ምርኩዝ የያዘ ወጣት በጣቱ መስመር እየተከተለ ነበር። የሚፈልገው ጋ ደርሶ፣ «አሃ፣ በወንዙ ማዶ ነው ለካ» ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ተራው ሄደ። አባባ በዐይናቸው ተከተሉት።

«ይህ ጥጉ ላይ ያለው ነጠብጣብ ምንድን ነው?» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

እትዬ ሀሎ እጇን ሰደደች። ስሜን አነበበች፣ ቀጥላ የሚሊን ስም አነበበች። «ከዚያ ደግሞ ‹ሠራን› ይላል» አለች።

«ሠሩ ነው ወይስ ሠራን?»

«ሠራን።»

«ድገሚልኝ» አሉ አባባ።

ደገመችላቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ተሰልፈው ከቆሙት ሰዎች ዕድሜ የጠገቡት ወዲያው ዞሩ፤ ያን ድምፅ ያውቁታል። አባባ በዚያ የዜና ድምፃቸው፣ ከአውቶቡሶቹ ጥሩምባ በላይ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠሩ። የራሳቸውን ስም ማለት ነው። ከዚያ የሚሊን ስም ከነአባቱ ጠሩ። «ካርታ ሠሪና ቀራፂ ናቸው» አሉ። «ይህን ካርታ ሠርተዋል።»

ሚሊ እጄን ያዘኝ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። አንድ ሻንጣ የተሸከመ መንገደኛ አባባን የመናኸሪያው ጠሪ መስለውት ጠጋ አለና፣ «አባት፣ የቱ አውቶቡስ ነው የገባው?» አላቸው።

«ይታገሱኝ፣ ዜናው አላለቀም» አሉትና እንደገና ከስሜ ጀመሩ።